«ተቃጥሏል!»

ዕቃ ታቅፎ ጠጋኝ ቤት ደጃፍ የመቆምን ጭንቀት የማያውቅ መቼም የለም። ሐኪም ፊት ከመቅረብ ብዙም አይለይም። ጠጋኙ ክዳኑን ይፈታል፣ አቧራውን እፍ ይላል፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ ወደ ውስጥ ያያል፣ አፍንጫውን አስጠግቶ ያሸታል። ከዚያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያችሁ አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል። «ተቃጥሏል!»

በቃ። ይግባኝ የላትም። ምኑ ነው የተቃጠለው? በምን ተቃጠለ? እንዴትስ አወቅህ? ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። እናንተም ከንፈራችሁን መጣችሁ፣ ሬሳ እንደተረከበ ዘመድ ዕቃችሁን ታቅፋችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ በዚህች ቃል ቂም ይዤባታለሁ። ቂሜ የተወለደው ደግሞ ነቀምቴ ነው።

አዳዳዬ የሚኖሩት ነቀምቴ ነው። አዳዳ በአፋን ኦሮሞ የአባት እህት ማለት ነው። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መምህር ነበሩ። ሲሬ፣ አርጆ፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ ያላስተማሩበት የወለጋ ከተማ ጥቂት ነው። በየደረሱበት ሽማግሌ ፈልገው፣ ቡና አስፈልተው፣ ጌረርሳ እያስባሉ በካሴት መቅዳት ሱሳቸው ነበር። ጌረርሳን ለማያውቅ ሰው ፉከራና ቀረርቶ ነው ብለው ቢነግሩት በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን ብሶትም፣ የዘር ሐረግም፣ ያለፈ ዘመን ታሪክም ይወርድበታል። መምህሩ ሲያልፉ ስልሳ ሦስት ካሴት ትተው አለፉ። በየካሴቱ ላይ በእርሳስ የሽማግሌው ስም፣ አገሩና ቀኑ ተጽፏል። ከነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ያለ መኖሩን እንጃ። ሌላ ቅጂ ግን የትም የለም።

እነዚያ ካሴቶች የሚደመጡበት ዕቃ ሁሉም ነገር በአንድ የፕላስቲክ ሣጥን የታጨቀበት ዓይነት አይደለም። ሃይፋይ የሚሉት ነው። ካሴቱን የሚያዞረው ዴክ ለብቻው፣ ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር ለብቻው፣ ሸክላ ማጫወቻው ለብቻው፣ ሁለቱ ስፒከሮች ደግሞ እንደ ዘበኛ ግራና ቀኝ። ሁሉም ያገለገለ ነው። አንዱ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ፣ ሌላው ከመርካቶ፣ በዓመታት እየተለቃቀመ የተገዛ። ዴኩ ጃፓን፣ ስፒከሮቹ ጀርመን፣ ሽቦው የነቀምቴ ገበያ።

በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋና በአጎራባች ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ወደ ሦስት ወር ያህል ተዘግቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አዲስ አበባ ያለነው የምናስታውሰው ደውለን ማጣታችንን ነው። አዳዳ ያኔ ጊምቢ ስለነበሩ የሚያስታውሱት ሌላ ነው። «ማታ ማታ አንድ አንድ ካሴት አደርግ ነበር» ይላሉ። «ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስል።»

ወደ ነቀምቴ ከመጡ በኋላ አንድ ቀን መብራት ሄደ፤ ሲመለስ ጉልበት ጨምሮ ተመለሰና አምፕሊፋየሩ ጢስ ተፋ። (የፊንጫ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ የጀመረው እዚያው ወለጋ ምድር ላይ ነው። መብራት ጎረቤቱ ተወልዶ እንግዳ የሚሆንበት አገር ነው እንግዲህ።) ያኛው እውነትም ተቃጥሏል። ሸትቷል፣ ጠቁሯል፣ ምስክር አያስፈልገውም። ቃሏ ቦታዋ ላይ ስትውል አላማትም።

ምትክ ልገዛ መርካቶ ወረድኩ። አሮጌ የጃፓን አምፕሊፋየር አገኘሁ፤ ፊቱ ብር የመሰለ፣ ቁልፎቹ ከባድ፣ እንደ መኪና ዳሽቦርድ ሁለት መርፌ ያላት መስኮት ያለችው።

«እስቲ አሰማኝ» አልኩት ሻጩን።

«ወንድሜ፣ እዚህ ስፒከር የለንም። ግን መብራቱን እየው!»

አየሁት። ያምር ነበር። በጆሮ የሚገዛውን ዕቃ በዓይኔ ገዛሁ። ስንት እንደከፈልኩ አልናገርም፤ ይህንን አዳዳ ሊያነቡት ይችላሉ።

ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ወሰድኩት። ገጣጠምነው። ስፒናውን ሶኬት ውስጥ ስከት መብራቱ ቦግ አለ፤ አዳዳ አጨበጨቡ። ካሴቱ ይዞራል። ድምፅ ግን የለም። ሹክሹክታ እንኳ የለም። የድምፅ መጨመሪያውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ይሄንን እናንተ አታድርጉ፤ መስመሩ ድንገት ቢገናኝ ስፒከሩንም ጆሯችሁንም ይዞ ይሄዳል። የእኔው ግን ጭጭ።

የመጀመሪያው ጠጋኝ ከፍቶ አሸተተና ቃሏን ተናገረ። የኃይል ትራንዚስተሮቹ ናቸው አለ። ሁለት ቀየረ፣ አስከፈለ፣ ዝም። «ሌላም የተቃጠለ አለው» አለ። ሁለተኛው ጊምቢ ነው። «እሱ ያውቃል» ተብሎ በአውቶቡስ ተላከለት። እሱ ደግሞ «ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል» ብሎ መለሰው። ታዲያ ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ያንን ሁሉ መብራት ማን ነው የሚያበራው? ይሄንን ጥያቄ የጠየቅሁት ከወር በኋላ ነው፤ ለዚያውም ራሴን። ባለሙያ ፊት አእምሯችንን በር ላይ ነው የምንተወው። ዕቃው ቤቱ ሲመለስ ከስድስት ብሎኑ ሦስቱ አልነበሩም።

እዚህ ላይ ጠጋኞቹን መራገም ቀላል ነው። እኔም ለተወሰነ ጊዜ ረግሜያቸዋለሁ። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አንድ ጠጋኝ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢመረምርላችሁና በመጨረሻ «ይህቺ ቁልፍ ተጭና ቀርታ ነው» ብሎ በጣቱ ጠቅ አድርጎ ቢያስነሳው ስንት ትከፍሉታላችሁ? እውነቱን ተናገሩ። «ምን ሠራህና ነው!» ነው የምንለው። ከዚያ በየሰፈሩ «ቁልፍ ነክቶ ይሄን ያህል ተቀበለኝ» እያልን ስሙን እናጠፋለን። ትራንዚስተር ነቅሎ፣ ጥቁሯን ዕቃ መዳፉ ላይ አስቀምጦ «ይኸው የተቃጠለችው» ቢለን ግን ሳንከራከር እንከፍላለን። ዋጋ የምንሰጠው ለተቀየረ ዕቃ ነው። ችግሩን ፈልጎ ማግኘት በእኛ ዘንድ ሥራ አይደለም፤ ዋጋ የለውም። ዋጋ የሌለውን ሥራ ደግሞ ልጆች ያሉት ሰው አይሠራም። ስለዚህ «ተቃጥሏል»ን ጠጋኙ ብቻ አልፈለሰፋትም። እኛ በጥሬ ብር እየገዛናት የኖረች ቃል ናት።

ሌላም አለ። ምን ይዘን ነው የምንሄደው? ሃይፋይ ማለት የድምፅ መንገድ ነው። ከካሴቱ ተነስቶ በዴኩ፣ በገመዱ፣ በአምፕሊፋየሩ፣ በስፒከሩ ሽቦ አልፎ ጆሮ ይደርሳል። መንገዱ ከአሥር ቦታ በአንዱ ቢቆረጥ ውጤቱ ያው ዝምታ ነው። እኛ ግን ከዚህ ሁሉ መሀል ትልቁንና ከባዱን መርጠን አምፕሊፋየሩን ብቻ ታቅፈን እንሄዳለን። ሳል የያዘው ሰው ሳንባውን ብቻ በፌስታል ይዞ ሐኪም ቤት ሲሄድ አስቡት። ጠጋኙ ዴክ የለው፣ የእኛ ስፒከር የለው፣ የእኛ ገመድ የለው። ምን ይበል? ፊት ለፊቱ ያለውን ዕቃ ይኮንናል።

ወለጋ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ጣጣ የተመቸ አገር ነው። የስዊድን ሚሲዮን ከነኦነሲሞስ ነሲብ ዘመን ጀምሮ ነቀምቴ ነበር፤ ጀርመኖቹ አይራ፣ አሜሪካኖቹ ደምቢ ዶሎ። ከየአገሩ የመጣ ሰው የየአገሩን ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ ሲመለስ ሸጦት ይሄዳል። የአሜሪካው ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። የእኛ ሶኬት 220 ነው። አንዳንዱ ዕቃ ከኋላው በሳንቲም የምትዞር የቮልት መምረጫ አለው፤ እሷን ሳያይ የሰካ ሰው በእውነትም አቃጥሏል። ዛሬ ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከውም ዕቃ በዚሁ መንገድ ነው የሚሞተው።

የድሮው የጀርመን ዕቃ መሰኪያ ደግሞ ክብ ሆኖ አምስት ቀጫጭን እግር አለው። የጃፓኑ ቀይና ነጭ ነው። ሁለቱ አይግባቡም፤ እና ምን እናደርጋለን? ገመዱን በምላጭ ቆርጠን በቀለሙ እንቀጥላለን። ከአምስቱ እግሮች ሁለቱ ከዴኩ የሚወጣውን ድምፅ ያመጣሉ፣ ሁለቱ ወደ ዴኩ የሚቀዳውን ይወስዳሉ፣ መሀለኛው የጋራ ነው። አምጪውን ከወሳጁ ካምታታችሁት ሁሉም ዕቃ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቤቱ ጸጥ ይላል። እንዲህ ያለ ገመድ የያዘ ሰው አንድም የተቃጠለ ነገር ሳይኖረው ሦስት ጠጋኝ ሊያዞር ይችላል።

ሸክላ ያላቸው ሰዎችስ? የሸክላ መርፌ የምታወጣው ኃይል ሌላው ዕቃ ከሚያወጣው መቶ እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። ለዚህ ነው አምፕሊፋየሩ ከኋላው «ፎኖ» የሚል ለብቻው ቀዳዳ ያለው። እሱን ትቶ ሌላው ቀዳዳ ላይ የሰካ ሰው የሚሰማው እንደ ትንኝ የምታለቅስ ድምፅ ነው። ከዚያ «ሸክላው አርጅቷል» ይባላል። ሸክላው ምን በወጣው!

ወደ አዳዳ ቤት ልመለስ። ለቆራሌው እንስጠው አይባል ነገር ካሴቶቹ አሉ። ጎረቤት አንድ ሰው ጠቆመን። ከቴሌ ጡረታ የወጡ የመስመር ሠራተኛ ናቸው። ዕቃውን ልውሰድላቸው ስል «አታምጣው» አሉኝ። «መንገዱን ሳላይ ምን ልነግርህ ነው? እኔ እመጣለሁ፣ ልጄ።»

መጡ። ቴስተር እንኳ አልያዙም። አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አሮጌ የጆሮ ማዳመጫ፣ አንዲት ፒንሳ። መጀመሪያ ወረቀት ጠየቁና ድምፁ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ መስመር አሰመሩ። «የስልክ መስመር ሲበላሽ» አሉ፣ «ከጫፍ አትጀምርም። መሀሉ ላይ ትቆምና ወደ የትኛው ወገን ደኅና እንደሆነ ትጠይቀዋለህ። ግማሹን ጣልክ ማለት ነው። ከቀረው ደግሞ ግማሹን።»

የስፒከሮቹን ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ነቀሉና ሁለቱን ጫፎች ለቅጽበት ድንጋዩ ላይ ነካ ነካ አደረጉ። የቀኙ «ጠቅ» አለ። አንድ ነጥብ አምስት ቮልት ብቻ ነው፤ ነካ አድርጎ ማንሳት ነው እንጂ አስይዞ መተው አይደለም። የግራው ዝም አለ። «እሱን እናቆየው» አሉ። ሁለት ስፒከር በአንድ ቀን ዝም ቢል ኖሮ ሌላ ነገር ያስቡ እንደነበር፣ አንዱ በሕይወት እያለ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ካለ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ እንደሆነ ነገሩኝ። የጆሮ ማዳመጫውን ዴኩ ላይ ባለችው ቀዳዳ ሰኩና ለአዳዳ ሰጧቸው። አዳዳ ጆሯቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዴኩ ይናገራል ማለት ነው። ሁለት ጠጋኝ ሲመላለስ፣ ሽማግሌው ካሴቱ ውስጥ ሆነው ሲናገሩ ነበር።

«እንግዲህ በዴኩና በቀኙ ስፒከር መሀል ነው ያለው» አሉ። አምፕሊፋየሩን ሲያበሩት ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ከውስጥ «ቀጭ» አለ። እሷን ድምፅ እኔ ስንት ጊዜ ሰምቼ ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም። ለካ ስፒከሩን የምትጠብቅ በር ናት። ውስጡ ክፉ ነገር ቢኖር ኖሮ በሩ አይከፈትም ነበር። «ቀጭ ካለ ብዙም አልታመመም» አሉ። ትራንዚስተሮቼን አሰብኳቸው። በከንቱ የተነቀሉ ነፍሳት!

ከዚያ ፊቱ ላይ ያሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ አዩ። የስፒከር መምረጫዋን፣ የዕቃ መምረጫውን፣ «ቴፕ ሞኒተር» የምትባለዋን። ይህቺኛዋ ብዙ ሰው ታሰቃያለች። ስትጫን አምፕሊፋየሩ ሌላውን ሁሉ ትቶ የቴፑን መስመር ብቻ ይሰማል። ቴፕ ያልተሰካለት ሰው ሳያውቅ ከተጫናት ሬዲዮውም ሸክላውም አብረው ያልፋሉ። የእኛዋ ደኅና ነበረች።

ድምፁን ዝቅ አድርገው የገመዱን ጫፍ በጣታቸው ነኩ። ጤነኛ አምፕሊፋየር በዚህ ጊዜ «እምምም» ይላል። አላለም። ዞረው ጀርባውን በባትሪ አበሩና ቆም አሉ። በላቲን ፊደል «ፕሪ አውት» የሚሉ ሁለት ቀዳዳዎች፣ አጠገባቸው «ሜይን ኢን» የሚሉ ሌሎች ሁለት ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ድምፁ ከአምፕሊፋየሩ የፊት ግማሽ ይወጣል፣ በሁለተኛዎቹ ወደ ኃይለኛው ግማሽ ይገባል። ፋብሪካው ሲያወጣቸው ከ«አውቱ» ወደ «ኢኑ» የምታሻግር፣ እንደ ፀጉር ሽቦ የታጠፈች አንዲት ብረት በየመስመሩ ትሰካ ነበር። ሁለት ቁራጭ ብረት። የእኛው ላይ የሉም። ከጃፓን እስከ መርካቶ በተሻገሩበት እጅ ሁሉ አንዱ «ይህቺ ምንድን ናት» ብሎ ነቅሎ ጥሏታል።

«ሜይን ኢኑን» በጣታቸው ጫፍ ለቅጽበት ነኩት። የቀኙ ስፒከር እንደ በሬ አገሳ። አዳዳ «ያ ዋቃ!» ብለው ደነገጡ። እኔ ግን በሕይወቴ እንዲህ ያለ የሚያስደስት ጩኸት አልሰማሁም።

ስፒናውን ነቀሉ። ክዳኑን ግን አልነኩም። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያከማቸው ኃይል ሰው ሊመታ ይችላልና ባለሙያ ያልሆነ ሰው ክዳን ከመክፈት ይቆጠብ ብለውኛል። ከቤት ሽቦ ላይ አራት አራት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሁለት የመዳብ ቁራጭ ቆረጡ፣ ጫፍና ጫፉን ላጡ፣ አጠፉ፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ሰኩ። ስፒከሩን መለሱ። ድምፁን ዜሮ ላይ አድርገው አበሩና ቀስ ብለው አነሱት።

ሽማግሌው መጡ። መጀመሪያ የዶሮ ድምፅ ከሩቅ፣ የሲኒ ኳኳታ፣ የመምህሩ «እሺ ይቀጥሉ» ማለት። ከዚያ ጌረርሳው። ካሴቶቹ የተቀዱት በአንድ ማይክ ስለነበር በአንድ ስፒከርም ምንም አልጎደለው። አዳዳ ጣታቸውን ቀስረው «ይሄ የአርጆው ናቸው፤ አሁን ያስላሉ» አሉ። ሳሉ።

አርባ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ከላይ እንደ ዳኛ ሆኜ «ለመፈለግ አንከፍልም» ያልኩት እኔ ኪሴ ገባሁ። እጄ ራሷ አውቃ ቆጠረች። ቆጥራ ስታበቃ ሳያት የያዘችው ለመጀመሪያው ጠጋኝ፣ ለማያስፈልጉት ሁለት ትራንዚስተሮች ከሰጠሁት ሲሶውን ነው። ምን ሠሩ? አራት ሳንቲ ሜትር ሽቦ፣ እሱም የአዳዳ ሽቦ! ውስጤ እንዲህ ሲል ሰማሁት። አዳዳም ሳይሰሙት አልቀሩም፤ እጄን አየት አድርገው ወደ ጓዳ ገቡና በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ይዘው ወጡ። እኔም አፍሬ ጨመርኩ።

ሰውየው ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱና ድንጋዩንና ፒንሳውን ሰበሰቡ። በር ላይ ሲደርሱ ለግራው ስፒከር ቅዳሜ እንደሚመጡ ነገሩን።

«ምኑ ይሆን?» አልኳቸው።

«ምናልባት ሽቦው ነው። ምናልባትም ተቃጥሎ ይሆናል» አሉ። «ሳላይ አልናገርም።»